አርጂዲ ፔፕታይዱን ልዘዘው ወይ ላልሽው

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ሐሳብሽ ትክክል ነው። አርጂዲ (አርጂኒን፣ ግላይሲን፣ አስፓርቲክ አሲድ በተከታታይ) ያለበት ባለ ስድስት አሚኖ አሲድ ቀጥ ያለ ፔፕታይድሽ በአልፋ-ቪ ቤታ-3 ኢንተግሪን ላይ፣ ማለትም ሴል የሚጣበቅበት ተቀባይ ፕሮቲን ላይ፣ በዶኪንግ (ሁለት ሞለኪውሎች እንዴት እንደሚገጥሙ በኮምፒውተር መገመት) ጥሩ ነጥብ አምጥቷል፣ «ልዘዘው ወይ?» ነው ያልሽው። ገና አትዘዢው። እኔም ደሴ ማስተርሴን ስሠራ ያለችኝን ገንዘብ የጨረስኩት በእንዲህ ዓይነት ችኮላ ነው።

ነጥቡን ተጠራጠሪው። የአርጂዲው አስፓርቲክ አሲድ የሚጨብጠው ቤታ-3 በሚባለው የተቀባዩ ክፍል ላይ የተቀመጠውን የማግኒዥየም ወይም የማንጋኒዝ አዮን ነው፤ አርጂኒኑ ወደ ሌላው ክፍል፣ ወደ አልፋ-ቪ ይዘረጋል። የመዋቅሩን ፋይል ስናጸዳ ግን ውሃውን ስናጠፋ አዮኑንም አብረን እናጠፋለን። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ያለ አዮን የወጣ ነጥብ ሳወዳድር ከርሜያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን፣ በፕሮቲን መዋቅሮች ማከማቻ 1ኤል5ጂ (1L5G) የሚል መለያ ያለውን መዋቅር አውርጂ፤ ሲለንጂታይድ የሚባለው አርጂዲ ያለበት ቀለበት ፔፕታይድ ተቀባዩን ይዞ ተቀምጧል። እሱን አውጥተሽ መልሰሽ ዶክ አድርጊው። ወደ ቦታው ካልተመለሰ የራስሽንም ውጤት አትመኚው።

ሁለተኛው ቅርጹ ነው። ተመራማሪዎቹ ፒርሽባከርና ሩኦስላቲ እ.ኤ.አ. በ1984 ፋይብሮኔክቲን ከሚባለው ግዙፍ ፕሮቲን ውስጥ ሴል የሚጣበቅበት፣ አርጂዲን የያዘ አራት አሚኖ አሲድ ብቻ መሆኑን አሳዩ። ቀጥ ያለው ሰንሰለት ግን በውሃ ውስጥ እንደ ልቡ ይወዛወዛል፣ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይምም ቶሎ ይደርስበታል። ሲለንጂታይድ አምስት አሚኖ አሲድ ብቻ ሆኖ የበረታው ቀለበት ስለሆነ ነው፤ ዲ-ፌኒልአላኒኑ (ከተለመደው ፌኒልአላኒን የመስታወት ግልባጭ የሆነው አሚኖ አሲድ) እጥፋቱን አጽንቶ ይይዘዋል። ስለዚህ ቀለበት አድርገሽ እዘዢ።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ ግን ለማወዳደሪያ የሚሆነውን አርጂኢውን አብረሽ እንድታዢ ነው። አስፓርቲክ አሲዱ በግሉታሚክ አሲድ ይተካል፤ ልዩነቱ አንድ ካርቦን ብቻ ቢሆንም መያዙ ይጠፋል። እኔ ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ ተውኩት። ሴሎቹ ከሳህኑ ሲላቀቁ ፔፕታይዴ ተቀባዩን ስለያዘ ይሁን ወይስ የሟሟበት ፈሳሽ አሲድ ስለሆነ መለየት አቃተኝ፤ ከአምራቹ የሚመጣው ዱቄት ብዙ ጊዜ የቲኤፍኤ (ለማጽዳት የሚያገለግል ጠንካራ አሲድ) ጨው ስላለው ፒኤች ያወርዳል፣ ማለትም ፈሳሹን አሲዳማ ያደርጋል። ፒኤቹን ለኪ።

የሴል ሙከራውን ያለ ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) አድርጊው፤ ሴረም ውስጥ ያለው ቪትሮኔክቲን የሚባል ፕሮቲን ተቀባዩን ከፔፕታይድሽ ጋር ይሻማል። ሴሎቹን ከሳህኑ በኢዲቲኤ ካነሳሻቸው፣ እሱ የብረት አዮኖችን ስለሚነጥቅ፣ አጥበሽ ማግኒዥየም መልሺላቸው። ዱቄቱን ደግሞ ደረቁን በትንንሽ ቱቦ ከፋፍለሽ አስቀምጪ፤ መብራት ሲጠፋ የሟሟው ነው ቀድሞ የሚበላሸው።

የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል ላኪልኝ፣ ከማዘዝሽ በፊት አብረን እናየዋለን።