ክሱ የት ይታይ? ጥያቄና መልስ ከደሴ

ደሴ ላይ ጥብቅና እሠራለሁ። ክስ በየትኛው ፍርድ ቤት መታየት እንዳለበት ጠይቁኝ፤ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ቤቴ ያለው ሐይቅ ነው። ወልዲያ የሚኖር ሰው «ቤቱ የእኔ ነው» ብሎ እዚያው ወልዲያ ከሰሰኝ። ይችላል?

መልስ፦ የቤትና የመሬት ክርክር የሚታየው ንብረቱ ባለበት ቦታ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 25 ይህንን ይላል። ችግሩ ግን ጊዜው ላይ ነው፣ እህቴ። መጥሪያው እንደደረሰሽ መልስሽ ውስጥ «ይህ ፍርድ ቤት ቦታው አይደለም» የሚለውን መቃወሚያ አስቀድመሽ ጻፊ። አንዲት እናት ከነፌስታሉ ወረቀታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉልኝ። ምስክር ሁሉ ተሰምቶ አልቋል። መልሳቸውን ገልብጬ ገልብጬ ባየው ስለ ቦታ አንዲት መስመር የለም! የቦታ መቃወሚያ በጊዜው ካልተነሳ እንደተተወ ይቆጠራል። ምን ላድርግላቸው?

ጥያቄ፦ ለዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚገባ ጉዳይ ወረዳ ቢከፈትስ?

መልስ፦ እሱ ሌላ ነው፤ የሥረ ነገር ሥልጣን ይባላል፤ ጉዳዩ ለየትኛው ደረጃ ፍርድ ቤት እንደሚገባ ማለት ነው። ማንም ባያነሳው እንኳ ዳኛው ራሱ ማየት አለበት። ዘግይቶም ይነሳል።

ጥያቄ፦ ከሳሹ እኔ ነኝ፤ ተከሳሹ ያነሳው የቦታ መቃወሚያ ከተሳካ ገንዘቤን አጣሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። መዝገቡ ይዘጋል እንጂ መብትህ አይሞትም። ተገቢው ፍርድ ቤት ሄደህ ትከሳለህ። ብቻ ይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለመክሰስ የሰጠው የጊዜ ገደብ፣ እንዳይቀድምህ ፍጠን።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ምስክሮቼ እዚህ ናቸው። ደሴ ያለው መዝገብ ይዛወርልኝ?

መልስ፦ መንገድ ሰለቸኝ ማለት ብቻውን አያዋጣም፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት የሚያወጣ ሚኒባስ አለ። ውል ከሆነ ደግሞ ከሳሽ ተከሳሹ ከሚኖርበት፣ ውሉ ከተፈረመበት ወይም ከሚፈጸምበት ቦታ መምረጥ ይችላል። ምርጫውን ሕጉ ከሰጠው ልታስለቅቀው አትችልም።

ጥያቄ፦ ዳኛው የባላጋራዬ የአክስት ልጅ ነው።

መልስ፦ ያ ፍርድ ቤት መቀየር አይደለም፤ «ዳኛው ይነሱልኝ» ነው። ዝምድናውን በማስረጃ አሳይ። ወሬ ብቻ ይዘህ አትግባ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የፍቺውን ጉዳይ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወሰደው። እኔ መደበኛውን ነው የምፈልገው።

መልስ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ የሚችለው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው ይላል። ስለዚህ ማንም አያስገድድሽም። ግን «አልስማማም» ብለሽ ቤትሽ አትቀመጪ። በቀጠሮው ቀን ሄደሽ በቃልም በጽሑፍም አስመዝግቢ፤ የሰጠሽውንም ወረቀት ግልባጭ ያዢ።