«የቆረጠው እጄን እንጂ አፌን አይደለም»

አንዲት ጠያቂ እንዲህ ጽፋልኛለች፦ «የመንዝ ልጅ ነኝ። ማኔጅመንት ተምሬ ደብረ ብርሃን በሚገኝ የመድን ድርጅት ቅርንጫፍ በደንበኞች አገልግሎት ከተቀጠርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ቀኝ እጁን የቆረጠው ሰው ከወንድሙ ጋር መጣ። ወንድሙን ‹ስሙ ማን ነው?› ብዬ ጠየቅኩት። ሰውየው ‹ማሽኑ የቆረጠው እጄን እንጂ አፌን አይደለም› አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይሄ ሥራ ለእኔ አይሆንም ማለት ነው?»

እህቴ፣ በዚህ የተነሳማ ሥራ አይለቀቅም።

አጎቴ በክራንች ነው የሚሄደው። አንድ ቀን ክፍያ ሊፈጽም ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አብረን ሄድን። በር ላይ ጥበቃው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየው «እግዜር ይስጥህ፣ እለፍ» አለው። አጎቴ ኪስ ውስጥ የነበረው ብር የጥበቃውን የሁለት ወር ደመወዝ ያክላል!

ያንቺም ስህተት የዚያ ዘመድ ነው። ሰውየውን ትተሽ ጉዳቱን አየሽ። ከእንግዲህ ወንድም ይምጣ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይምጣ፣ ዓይንሽም ጥያቄሽም ባለጉዳዩ ላይ ይሁን። «ልርዳዎት?» በይ፤ አይ ካሉሽ ተዪው። «ምስኪን» እያልሽ ከንፈር አትምጠጪ። ቅርንጫፋችሁ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍት ከሌለው ቅጹን ይዘሽ ውረጂ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቂዋለሽ፣ ሰው በረንዳ ላይ አይቆምበትም። የሕንፃ አዋጁ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያዛል። ይሄን ለሥራ አስኪያጅሽ ማንሳት አያስወቅስሽም።

ደግሞ ፊርማው አለ። ቀኝ እጁን ያጣ ሰው በግራው ሲፈርም ከድሮው ፊርማው ጋር አይገጥምም። «ፊርማህ አይመሳሰልም» ብሎ መመለስ ሁለተኛውን እጅ እንደ መቁረጥ ነው። በምን ምስክር፣ በምን ማረጋገጫ እንደሚያልፍ ከካሳ ክፍል ኃላፊሽ ጋር ዛሬውኑ ተነጋገሪ።

ከትህትናው ይልቅ ግን የሚጎድልሽ እውቀት ይመስለኛል። የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን የሚገዛው አሠሪው ነው። የግል አደጋ መድን ደግሞ ሰው ለራሱ ገብቶት፣ ውሉ ላይ በተጻፈው ሠንጠረዥ መሠረት የሚከፈለው ነው። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩት ይችላሉ፣ ግን አንቺ ካልነገርሽው ላያውቅ ይችላል። የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጡረታ ሕግ ላልተሸፈነ ሠራተኛ የዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ካሳን የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ያደርገዋል። ከፊል ጉዳት እንደ መቶኛው ይሰላል። በወር 5,000 ብር የሚያገኝ ሰው በዓመት 60,000 ይሆንለታል፣ በአምስት ሲባዛ 300,000። ቦርዱ 30 በመቶ ካለ 90,000 ብር ነው። ይቺን ስሌት ደንበኛው ፊት ወረቀት ላይ እየጻፍሽ አሳዪው። «በውሉ አግባብ ይታያል» የምትለዋን የቢሮ ዘፈን ተያት፤ እኔንም ሰልችታኛለች።

ይሄን ጠንቅቀሽ ካወቅሽ ከፊት ጠረጴዛ ወደ ካሳ ክፍል መሸጋገር አይከብድሽም። ቅጥሩ ሲወጣ ተወዳደሪ።

የሰውየው ስልክ ፋይሉ ላይ አለ። ደውዪለት። ይቅርታውን አታንዛዢ፣ «ያን ቀን እርስዎን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ፣ ይቅርታ» ይበቃል። ከዚያ የጎደለውን ወረቀት አንድ በአንድ ንገሪው። ከጉዳቱ በኋላ ደብረ ሲና ቤተሰቦቹ ጋ ገብቶ ከሆነ፣ ለአንድ ፎቶ ኮፒ ብሎ ያን ጠመዝማዛ ዳገት አይመላለስ።