የድንጋይ ሽበትን በቀለሙ አትጥሩት

ልጆቼ፣ ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። እንደ የድንጋይ ሽበት ደጋግሞ ያሳሳተኝ ነገር የለም። በድንጋይም በዛፍም ላይ የሚበቅል (በእንግሊዝኛ ላይከን የሚሉት)፣ ፈንገስና አልጌ በአንድ ጎጆ የሚኖሩበት ፍጡር ነው። ሽቬንድነር የተባለው የስዊዘርላንድ ሰው በ1867 እ.ኤ.አ. ይህን ሲናገር ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም ነበር።

በሐምሌ አረንጓዴ ብላችሁ የመዘገባችሁትን በጥምቀት ሰሞን ብትመለሱ ግራጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሲረጥብ የላይኛው ሽፋን ብርሃን ያሳልፋል፤ የሚታያችሁ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ አልጌ ነው። ስለዚህ ደረቁን ከደረቁ አወዳድሩ።

ቢጫዎቹም ያታልላሉ። ዛንቶሪያና ካንደላሪያ ከሩቅ መንታ ይመስላሉ። በውሃ የተበጠበጠ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አንድ ጠብታ ሲነካው ዛንቶሪያ ወዲያው ወይን ጠጅ ይመስላል፤ ፓሪየቲን የሚባል ቀለም ስላለው ነው። ካንደላሪያ ግን ቢጫነቱን አይለቅም። ጠብታው ቆዳ ያቃጥላልና ጓንት አድርጉ።

ለሌሎቹ ተራ በረኪና ይበቃል። ቅጠል መሳዩን ግራጫ ሽበት በምላጭ ፋቅ አድርጋችሁ ነጩ ውስጡ ላይ ጠብ አድርጉበት፤ ሌካኖሪክ አሲድ ካለው ይቀላል። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ አንዱም አልቀላ ብሎኝ ሁሉንም አንድ ዝርያ አድርጌ መዝግቤያለሁ። ለካ በረኪናዬ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ኃይሉን ጨርሷል! መዝገቡን ከተማሪዎቼ ፊት ሰረዝኩት። ከዚያ ወዲህ መቅላቱን በማውቀው ናሙና ሳልፈትነው በረኪና አላምንም።

ታዲያ ይህን ሁሉ በፋሲል ግቢ ግንብ ላይ እንዳታደርጉት። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ የሆነ ድንጋይ ነው፤ እዚያ በማጉያ መነጽር ማየት ይበቃል። ለሙከራው የወደቀ ቅርንጫፍ ፈልጉ።

ሰሜን ተራራ ስትወጡ ከአስታ ዛፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠል ታያላችሁ። ነፋስ ከጣለው አንዷን ክር አርጥባችሁ በቀስታ ሳቡ። ቅርፊቱ ተሰብሮ መሃሉ ላይ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነጭ ጅማት ከወጣ ኡስኒያ ነው፤ እሱን የሚመስለው ሌላ ሽበት፣ ራማሊና፣ ይህ ጅማት የለውም። የትኛው ኡስኒያ? እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። የግርጌው መጥቆር፣ የጅማቱ ውፍረት፣ በላዩ ያለው ዱቄት ሁሉ ይታያል፤ አንዳንዶቹ የሚለዩት በውስጣቸው ባለው አሲድ ብቻ ነው። ፖስታው ላይ «ኡስኒያ» ብላችሁ ብቻ ብትተዉት አልቀየማችሁም፤ የእኔ ፖስታዎች ግማሾቹ አሁንም እንደዚያ ናቸው።