የሌሊት እንስሳትን በካሜራ ትራፕ ማጥናት፦ ከምን ልጀምር?

ጥያቄ፦ በዱር እንስሳት ትምህርት ዘንድሮ እመረቃለሁ። በደን ውስጥ ሌሊት የሚንቀሳቀሱ አጥቢዎችን በካሜራ ትራፕ (እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ በሚያነሳ ካሜራ) በሚያጠና ቡድን ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ። ገንዘብ አጠራቅሜ ካሜራ ልግዛ ወይስ የፎቶግራፍ ኮርስ ልውሰድ?

ውድ እህታችን፣ ሁለቱንም ለጊዜው አቆዪያቸው። ፎቶውን የሚያነሳው ካሜራው ራሱ ነው። የጥናት ቡድኖች አጥብቀው የሚፈልጉት ካሜራውን በትክክል የሚተክልና የመጣውን መረጃ ሳያበላሽ የሚይዝ ሰው ነው። እንደ ሐረና ወይም ከፋ ባለ ጥቅጥቅ ደን ነብርን፣ ጥርኝን፣ ሸለምጥማጥን ወይም ግዙፉን የደን አሳማ በእግር ተጉዞ መቁጠር አይቻልም ማለት ይቀላል፤ ስለዚህ ይህ ሙያ ወደፊትም ይፈለጋል።

መጀመሪያ አተካከሉን ተማሪ። የካሜራው ዳሳሽ የሚነቃው ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ያለው ነገር ከፊቱ ሲንቀሳቀስ ነው። ለመካከለኛና ለትንንሽ አጥቢዎች ከመሬት ከ30 እስከ 50 ሳ.ሜ. ከፍታ ላይ እሰሪው፤ ደረት ድረስ ከፍ ካለ ሸለምጥማጥ ከሥሩ ያልፋል። ከእንስሳው መንገድ ከ2 እስከ 4 ሜትር ይራቅ፤ ከዚያ ከቀረበ ብልጭታው ምስሉን ነጭ ያደርገዋል። መንገዱን በቀጥታ ትይዩ ካየ ዘገምተኛ ካሜራ ጅራት ብቻ ይይዛል፤ ወደ 45 ዲግሪ አዘንብይው። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ አታዙሪ። ከፊት ያለውን ሣርና ቅጠል አጽጂ፤ ፀሐይ ያሞቀው ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ በሺህ የሚቆጠር ባዶ ምስል ይነሳና እንስሳው ሳይመጣ ካርዱ ይሞላል። ከመሄድሽ በፊት በእጅና በእግርሽ እየዳህሽ ከፊቱ እለፊና መንቃቱን አረጋግጪ።

ባትሪ ላይ ቁጠባ አያዋጣም። ተራ የአልካላይን ድንጋይ ኃይሉ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚዳከመው የሌሊቱ ብልጭታ ነው። የቀኑ ምስል ይቀጥላል፣ የሌሊቱ ይጠፋል፤ ያላወቀ ሰው «በዚህ ደን የሌሊት እንስሳ የለም» ብሎ ይጽፋል። የሊቲየም ድንጋይ ይሻላል። እርጥበት በበዛበት ደን ደግሞ የክዳኑን ጎማ ጠርገሽ እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ከረጢት ውስጡ ጨምሪ፤ ሌንሱ ጉም ከያዘ የወር ሥራ ከንቱ ይቀራል።

ሰዓት አሞላል በአገራችን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱ ረዳት ካሜራውን በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በአውሮፓውያን ከሞላው መረጃው በ6 ሰዓት ይዛባል። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ያለፈ ድኩላ 04:00 ተብሎ ይመዘገብና ሌላ አገር ያለው ተንታኝ ጎህ ሳይቀድ እንደወጣ ይቆጥረዋል። ሁሉም ካሜራ በ24 ሰዓት አቆጣጠርና በአውሮፓውያን ቀን ይሞላ፤ ይህም በመስክ ቅጹ ላይ ይጻፍ። ስትተክዪም ስትነቅዪም የጣቢያውን (ካሜራው የተተከለበትን ቦታ) ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት የያዘ ወረቀት ከካሜራው ፊት ይዘሽ አስነሺ። ሰዓቱ ተሳስቶ ከተገኘ ማረም የሚቻለው በዚያች ምስል ነው።

የጥናቱ ጥረት የሚለካው በካሜራ-ሌሊት ነው፤ አንድ ካሜራ አንድ ሌሊት ሲሠራ አንድ ይባላል። 20 ካሜራ ለ60 ሌሊት 1,200 ይሆናል፤ ነገር ግን አራቱ በ25ኛው ሌሊት ከቆሙ እውነተኛው 1,060 ነው። መቼ እንደቆሙ ለማወቅ ካሜራው በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ አንድ ምስል በራሱ እንዲያነሳ አዘጋጂው። የምስል ብዛት የእንስሳ ብዛት እንዳልሆነም አትርሺ፤ አንድ ጥርኝ እየተመላለሰ አርባ ጊዜ ሊነሳ ይችላል። ብዙ ተመራማሪዎች በአንድ ጣቢያ በ30 ደቂቃ ውስጥ የተነሳን አንድ ዝርያ እንደ አንድ ክስተት ይቆጥራሉ። ነብርን በግለሰብ ደረጃ መቁጠር ከተፈለገ የግራና የቀኝ ጎኑ ነጠብጣብ ስለሚለያይ በአንድ ጣቢያ ሁለት ካሜራ ያስፈልጋል፤ ብልጭታቸው እንዳይጋጭ በመጠኑ ይዛነፉ።

የመረጃውን ሥራ ያለ ካሜራ መለማመድ ትችያለሽ። ስናፕሾት ሰረንጌቲ የተባለው የካሜራ ትራፕ ጥናት በታንዛኒያ የሰበሰባቸው ምስሎች በነፃ ይገኛሉ። ጥቂት ሺህ አውርደሽ ባዶዎቹን በሜጋዲቴክተር ሶፍትዌር ለዪ (እንስሳ፣ ሰውና ተሽከርካሪን ይለያል እንጂ ዝርያ አይነግርሽም)፣ ዝርያውን በታይምላፕስ በተባለው የምስል መመዝገቢያ ሶፍትዌር መዝግቢ፣ ከዚያ በአር (R) የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ካምትራፕ-አር በተባለው ጥቅል ሠንጠረዥ አውጪ። ሁለት ወር በትጋት ከሠራሽበት ማንኛውም ቡድን የሚፈልገው ችሎታ ይኖርሻል።

መስክ ስትወጪ ደኑ ባለቤት አለው። ቡና ለቃሚው፣ ቀፎ ሰቃዩ፣ ከብት ጠባቂው በካሜራው ፊት ያልፋል። ከመትከልሽ በፊት ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር ተነጋገሪ፣ አንድ ካሜራ ከፍተሽ አሳዪያቸው፣ የሰው ምስል እንደሚሰረዝ ንገሪና በእርግጥም ሰርዢ። በምስሉ እንጨት ቆራጭ ከተከሰሰ ካሜራው ይሰበራል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ተመራማሪም አይታመንም። ፈቃድ እንደ ቦታው ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን ወይም ከክልሉ መሥሪያ ቤት ይጠየቃል፤ በኦሮሚያ ደኖች የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ አለ። የነብር ማረፊያ ያለበትን ትክክለኛ ቦታ በማኅበራዊ ሚዲያ አትለጥፊ።

ለመግቢያ በር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በወንዶ ገነት የመስክ ረዳት የሚፈልጉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ፈልጊ፤ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና ከእሱ ጋር በሚሠሩ ድርጅቶችም አመልክቺ። ከማመልከቻሽ ጋር የምታያይዢው ቆንጆ ፎቶ ሳይሆን ከልምምድሽ የወጣ ሁለት ገጽ ይሁን፦ የጣቢያ ካርታ፣ የካሜራ-ሌሊት ሠንጠረዥ፣ ያገኘሻቸው ስህተቶችና ያረምሽበት መንገድ። በቃለ መጠይቅ «ካሜራው ለ10 ቀን ምንም አላነሳም፣ ለምን?» ብለው ቢጠይቁሽ፣ እንስሳ የለም ከማለትሽ በፊት የእኩለ ቀኑን ምስል፣ የባትሪውን ኃይልና የካርዱን ቦታ በቅደም ተከተል እንደምታዪ ንገሪያቸው።