ዝጎ አልፈታ ያለ ኦክስጅን ሴንሰር

«የመኪናዬ ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው) በ22 ቁልፍ አልፈታ አለ፣ ጠርዙም እየተበላ ነው» ላልከው፦ በቀዝቃዛው አትታገለው። ከአዘዞ ጎንደር ፒያሳ ድረስ ነድተህ አቁም፣ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቅና ወፍራም ጓንት አድርገህ ለብ እንዳለ ሞክር።

ጠርዙን የሚበላው አፉ ክፍት የሆነው ቁልፍ ነው። አዲሱ ሴንሰር እጅህ ላይ ካለና ሶኬቱ ከገጠመ፣ የአሮጌውን ሽቦ ቁረጥና 22 ቀለበት ቁልፍ አስገባ። ትንሽ ዞሮ ከጠበቀ በግድ አትግፋ፤ የማርሚታውን ጥርስ ላጥቶት ይወጣል። መልሰህ አጥብቀው፣ በደንብ ሲቀዘቅዝ የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ንፋበት፣ ሞተሩን አሙቀህ ወዲያና ወዲህ እያልክ ፍታው።

አዲሱን መጀመሪያ በእጅህ አዙረህ አስገባ፣ ከዚያ ወደ 40 ኒውተን ሜትር አጥብቅ።

አደራ፣ ጫፉን ግሪስም ሲሊኮንም እንዳታስነካው። ሲሊኮን የነካው ሴንሰር አዲስም ቢሆን ይበላሻል።