ወላጆችን ይዞ ወደ አርሊንግተን ወታደራዊ መካነ መቃብር ስለመሄድ

እህታችን፣ በሰኔ ወር ከአዲስ አበባ የሚመጡትን ወላጆችዎን በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን አጠገብ ወዳለው የአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ለመውሰድ አስበው፣ «አባቴ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ምን ያህል ሰዓት ይበቃናል? አበባ ማስቀመጥና ፎቶ ማንሳትስ ነውር አይሆንም?» ብለው የጠየቁትን አንብቤአለሁ። ቦታውን ደጋግሜ ያየሁት፣ እናቴንም ይዤ የሄድሁበት ስለሆነ የማውቀውን ልጻፍልዎ።

ከሁሉ በፊት ግማሽ ቀን ይመድቡለት። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ከሊንከን መታሰቢያ ተነሥቼ ምሳ ከመድረሱ በፊት ዞር ዞር ብዬ ለመውጣት ነበር የገባሁት፤ ስወጣ ግን ለቅሶ ቤት ደርሶ ሳይቀመጥ እንደ ተመለሰ ሰው ኅሊናዬ ወቀሰኝ። ስፍራው 639 ኤከር ነው፤ ያረፉበትም ከ400 ሺህ በላይ ናቸው። በየቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ክፍት ነው፤ መግቢያ አይከፈልበትም፤ ለመኪና ማቆሚያ ግን ይከፈላል። በሜትሮ ባቡር ከሆነ ሰማያዊው መስመር በሩ አጠገብ ያደርሳል። ስትገቡ ፍተሻ አለ፤ ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ መታወቂያ ስለሚጠየቅ ወላጆችዎ ፓስፖርታቸውን እንዳይረሱ። ቦታው ዳገት ስለሚበዛው ለእናትዎ ጉልበት ሲባል ቲኬት ቆርጣችሁ በአስጎብኚ ትራሙ ብትሳፈሩ ይሻላል፤ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ መቃብርና ባልታወቀው ወታደር መቃብር ዘንድ ይቆማል።

አባትዎ ወታደር ስለነበሩ ያልታወቀውን ወታደር መቃብር እንደሚወዱት አልጠራጠርም። የክብር ዘቡ ከመቃብሩ ፊት በተነጠፈው ጥቁር ምንጣፍ ላይ 21 እርምጃ ይራመዳል፤ ዞሮ 21 ሰከንድ ይቆማል፤ ጠመንጃውን ወደ ተመልካቹ በኩል ወዳለው ትከሻው አዛውሮ እንደገና 21 እርምጃ ይመለሳል። ቁጥሩ የ21 ጊዜውን የመድፍ ሰላምታ የሚያስታውስ ነው። ይህ ጥበቃ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ሌሊትም ሆነ ቀን፣ በዝናብም ሆነ በበረዶ አልተቋረጠም። ከአፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ዘቡ የሚቀየረው በየግማሽ ሰዓቱ ስለሆነ ብዙ አትጠብቁም። ቅያሪው ሲጀመር ሁሉም በዝምታ እንዲቆም ይነገራል፤ እናትዎ እስከዚያው ድረስ ደረጃው ላይ አረፍ ቢሉ መልካም ነው።

በኬኔዲ መቃብር ላይ የማይጠፋ እሳት ይነድዳል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 1963 በተፈጸመው ቀብር ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከጄኔራል ደጎል ጋር ተገኝተው ስለነበር፣ ወላጆችዎ ይህን ሲሰሙ ቦታው ይቀርባቸዋል።

ብዙ ጎብኚ እዚህ ሲደርስ ይመለሳል። እኔ ግን ክፍል 27ንና ክፍል 60ን ሳታዩ እንዳትወጡ አደራ እላለሁ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ የደቡቡ ጦር አዛዥ የጄኔራል ሮበርት ሊ ቤተሰብ ርስት የነበረው ይህ መሬት መቃብር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 1864 የመጀመሪያው ወታደር ዊልያም ክሪስትማን የተቀበረው በክፍል 27 ነው። በዚያው ክፍል ከባርነት ነጻ የወጡ ከ3,800 በላይ ጥቁር ሰዎች ያረፉ ሲሆን፣ በድንጋያቸው ላይ «ሲቪሊያን» ወይም «ሲቲዘን» የሚል ቃል ተቀርጿል። ከመወለዳቸው ጀምሮ እንደ ንብረት ለተቆጠሩ ሰዎች ድንጋዩ «ዜጋ» ብሎ ሲመሰክርላቸው ማንበብ ለእኔ ከሁሉ የበለጠብኝ ነገር ነው።

ክፍል 60 ደግሞ በኢራቅና በአፍጋኒስታን የሞቱ ብዙ ወጣቶች ያሉበት ስለሆነ ሐዘኑ ገና ትኩስ ነው። ከእናቴ ጋር በደረስንበት ቀን አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ታጣፊ ወንበር ዘርግታ በአንድ ድንጋይ ፊት ተቀምጣ ነበር። በድንጋዩ አናት ላይ ጠጠሮችና ሳንቲሞች ተደርድረዋል፤ እርሷ የተቀረጹትን ፊደላት አንድ በአንድ በርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች። እኔ ራቅ ብለን እንድናልፍ ስጠቅሳት፣ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቀረበችና በአማርኛ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለቻት። ሴትየዋ ቃሉን ባታውቀውም እጇን ይዛ ቆየች፤ ከዚያም ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችላት። ሩብ ሰዓት ያህል አንድም ቃል ሳይለዋወጡ እዚያው ቆዩ።

ስለዚህ አበባ ማስቀመጥ ነውር አይደለም፤ ርጥብ አበባ ይዛችሁ ግቡ። ፎቶም ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ድንጋዩን ተደግፎ ፎቶ መነሣት ወይም የሰውን ሐዘን መቅረጽ አይገባም። በሥራ ቀናት በቀን ከ20 በላይ ቀብሮች ስለሚፈጸሙ ሬሳ ሲያልፍ ብታገኙ ባላችሁበት ቁሙ፤ አባትዎም ባርኔጣቸውን ያውልቁ። እሑድ ቀብር ስለሌለ ጸጥታ ከፈለጋችሁ ያንን ቀን ምረጡ።

አቅም ከተረፋችሁ በሜሞሪያል ድልድይ ፖቶማክን ተሻግራችሁ፣ ከሊንከን መታሰቢያ አጠገብ ወዳለው የኮሪያ ጦርነት ዘማቾች መታሰቢያ ሂዱ። በሰሜን በኩል ባለው መተላለፊያ ጠርዝ ላይ የ22 አገሮች ስም ተቀርጿል፤ ቃኘው ሻለቃ ስለዘመተም የኢትዮጵያ ስም በመካከላቸው አለ። ጽሑፉ ዝቅ ብሎ ስለተቀረጸ አባትዎ እንዳያልፉት ቀድመው ያሳዩአቸው።