«ከባዶ ተነስቼ» ያልሽው ነገር

ጥያቄ፦ 31 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን። ከአራት ዓመት ወዲህ ከበግ ፀጉር ምንጣፍ እሠራለሁ። ፈትሉን ያስተማሩኝ መንዝ ያሉት አማቴ ናቸው። የሽመና ዕቃውም የባለቤቴ የሟች አባቱ ነበር። ዓምና ሥራዬን ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ጀመርኩ። ከዚያ አንድ ኤፍኤም ጣቢያ ጋበዘኝ። «ከባዶ ተነስቼ፣ ብቻዬን ታግዬ እዚህ ደረስኩ» አልኩ። ሰው ሁሉ አደነቀኝ። ባለቤቴ ግን ይኸው ሦስት ሳምንት አኩርፏል። ተማሪዎቹ «የምንጣፏ ባል» እያሉ ይቀልዱበታል አሉ። አሁን ደግሞ ከአዲስ አበባ የቴሌቪዥን ሰዎች ቤቴ መጥተው ሊቀርፁኝ ነው። ስነግረው «ተቀረጪ፤ የእኔንም የእናቴንም ስም ግን እንዳታነሺ» አለኝ። ጓደኞቼ «ቀንቶብሽ ነው፣ ተይው» ይሉኛል። ህልሜ ሱቅ ከፍቼ አሥር ሴቶች መቅጠር ነው። ማታ ማታ ኮሜንት ሳነብ አመሻለሁ። 40 ሺህ ሰው ያየው ቪዲዮ አለኝ፤ በዚያ ሳምንት የሸጥኩት ግን ሁለት ምንጣፍ ነው። ራስን ማስተዋወቅ ጥፋት ነው? ትዳሬንስ እንዴት ላድርገው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋት አይደለም። ይህን በቅድሚያ ልበልሽ። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት የኛው ሰዎች ናቸው። ምንጣፍ አፍ የለውም፤ ባለቤቱ ካልተናገረለት ተጠቅልሎ ጥግ ይዞ ይቀራል።

በዚያ ላይ በእጅ ሥራ ላይ የነበረው ንቀት ቀላል አልነበረም። ብረት ሠሪው «ጠይብ»፣ ሸማ ሠሪው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ከእናንተ ከተማ ብዙም በማትርቀው አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ፣ ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ቢነገርም ንቀቱ ወዲያው አልጠፋም። ስለዚህ አንዲት ምንጣፍ ሠሪ ስለ ሙያዋ በሬዲዮ ቀና ብላ ስታወራ ብሰማ እኔ ደስ ይለኛል።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ጓደኞችሽ «ቀንቶብሽ ነው» ብለዋል። ትንሽ ቅናት አይጠፋ ይሆናል፤ ሰው ነው። ግን ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፈትል ያስተማሩሽ አማትሽ ናቸው። የሽመና ዕቃው የአባቱ ነው። እና ሬዲዮ ላይ ምን አልሽ? «ከባዶ ተነስቼ፣ ብቻዬን።»

እስቲ በእሱ ጆሮ ስሚው። የሞተ አባቱ ዕቃ «ባዶ» ተባለ። መንዝ ብርድ ላይ እንዝርት ሲያሾሩ ያረጁት እናቱም «ባዶ» ተባሉ። «ስማችንን እንዳታነሺ» ያለሽ መታየትሽን ጠልቶ አይመስለኝም። እኔ የሰማሁት «አንዴ ሳታነሺን ቀርተሻል፤ እንግዲህ ይቅርብን» የሚል የተከፋ ሰው ቃል ነው። ልሳሳት እችላለሁ፤ እሱን ሳላናግር ነው የምጽፈው። ግን መጀመሪያ ይህን በር አንኳኪ።

ዋሽተሻል ማለቴ አይደለም። ሁላችንም እንዲህ ነን። በ1979 እ.ኤ.አ. ሮስ እና ሲኮሊ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ባልና ሚስቶችን ለየብቻ ጠየቁ፤ ከቤቱ ሥራ ምን ያህሉን እኔ ነኝ የምሠራው ትላላችሁ? የሁለቱ መልስ ሲደመር ብዙውን ጊዜ ከመቶ በላይ ሆነ። ጭቅጭቅ በመጀመር እንኳ ሁለቱም «እኔ አበዛለሁ» ያሉበት ነበር! ምክንያቱ ቀላል ነው። የራስሽን ድካም እጅሽም ወገብሽም ያስታውሱታል። እሱ ልጆቹን አስተኝቶ አንቺ የሸመንሽበት ሌሊት ግን ካንቺ ትዝታ ውስጥ በቀላሉ አይመጣም። ማይክ ፊት ስትቀርቢ ደግሞ ይባስ ይጠፋል። እኔም አንድ ጊዜ ሬዲዮ ቀርቤ ለዚህ ሙያ ያበቃኝን መምህሬን ሳላነሳ ወጣሁ። ትዝ ያለኝ ታክሲ ውስጥ ነው።

«ከባዶ ተነስቼ» የሚለውን ቋንቋ ያመጣብን ሚዲያው ይመስለኛል። የእኛ የጥንቱ ራስን ማስተዋወቅ እንዲህ አልነበረም። ፉከራን አስቢው። ሸዋ ውስጥ ግብር ላይ ተነስቶ «ዘራፍ!» የሚለው ሰው ትሁት ነበር አልልሽም፤ የገደለውን ይቆጥራል፣ ጎራዴውን ይነቀንቃል። ግን የአባቱን ስም ይጠራል፣ የፈረሱን ስም ይጠራል፣ የማን አሽከር እንደሆነ ይናገራል። አብረውት የዘመቱት ደግሞ እዚያው ተቀምጠው ይሰሙታል፤ ቢያጋንን ይታዘቡታል። የዘር ሐረጉን ቆርጦ «ብቻዬን» የሚል ፎካሪ እኔ አልሰማሁም። አንቺም ፎክሪ። ግን እንደዚያ ሰው ፎክሪ።

የባለቤትሽ ኩርፊያ ግን ልክ ነው እያልኩሽ አይደለም። ሦስት ሳምንት ማኩረፍ ሚስትን መቅጣት ነው። ከፍቶት ከሆነ አፍ አለው፣ ያውም የመምህር አፍ። «የምንጣፏ ባል» የምትለዋ ቀልድም አሳንሳው ይሆናል፤ ይህን ግን ያንቺ ጥፋት አታድርጊው። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተማሪዎችን የሚያሳፍር ቲሸርት አልብሰው ሌሎች ተማሪዎች የተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው። ለባሾቹ ግማሹ ሰው ያየን ይመስለናል አሉ። ያስተዋለው ግን አንድ አራተኛ ያህሉ ብቻ ነበር። ይሉኝታችን እንዲህ ነው የሚቆጥረው፤ አንድ ሁለት ተማሪ ሲስቅ ከጠባሴ እስከ አንጎለላ የሳቀ ይመስለናል። ይህን ግን አንቺ አትንገሪው። «ማንም አላየህም» ማለት የከፋው ሰው ላይ መሳቅ ይሆናል።

ይልቅ እንዲህ አድርጊ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጠሽ፣ ቡና አፍልተሽ ቁጭ በሉ። ስለ ቴሌቪዥኑ አትጀምሪ። በሬዲዮው ጀምሪ፦ «ያን ቀን ብቻዬን ስል የአባትህን ዕቃ ረስቼዋለሁ። የእማማንም እጅ ረስቼዋለሁ። አጥፍቻለሁ።» «ግን አንተም» የምትለዋን አትቀጥይ። ዝም በይ። መልሱ በዚያው ማታ ላይመጣ ይችላል፤ የመንዝ ሰው ቶሎ አይናገርም ይባላል፣ እኔ የማውቃቸው ግን ሲጀምሩ አያቆሙም። ከዚያ፣ ምናልባት በማግስቱ፣ ጠይቂው፦ ስለ እኛ የቱ ይነገር? የቱ ይቅር? የልጆቹ ፊት ይታይ ወይስ አይታይ? አንቺን የሚመለከተውን አንቺ ትወስኛለሽ። የእሱ ታሪክ ግን የእሱ ነው፤ አሁንም «ስሜ ይቅር» ካለ ይቅር። ያኔ «ባለቤቴ ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም፤ ዕቃው ግን የቤተሰቡ ነው» ማለት ትችያለሽ። አያሳፍርም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ኩርፊያው ከቀጠለ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሰው፣ የንስሐ አባትም ይሁን ዘመድ፣ መሀል አስገቡ። ነገሩ ከኩርፊያ አልፎ ስልክ መንጠቅ፣ ገንዘብ መከልከል ወይም እጅ ማንሳት ከሆነ ግን የቡና ወሬ አይደለም፤ ያኔ እርዳታ ፈልጊ፣ ለእኔም መልሰሽ ጻፊልኝ።

አሁን ወደ 40 ሺህው ሰው። እዚህ ላይ ልቆጣሽ ነው። ህልምሽ ሱቅና አሥር ሴቶች ነው ብለሻል። የማታ ሰዓትሽ ግን ኮሜንት ላይ ነው የሚያልቀው። ካሰር እና ራያን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ዝናን ከሁሉ በላይ ያስቀደሙ ሰዎች የውስጥ ደስታቸውና እርካታቸው ዝቅ ብሎ እንዳገኙት ጽፈዋል። ዝና መርዝ ነው ማለት አይደለም። የሚያሳስበው ህልሙ ሲቀየርና ባለቤቱ ሳታውቀው ሲቀር ነው። ራስሽን ጠይቂ፦ ይህ ፕሮግራም ተቀርፆ ሳይተላለፍ ቢቀር፣ ሰኞ ጠዋት ምንጣፍ ሥራሽ ላይ ትቀመጫለሽ? «አዎ» ካልሽ ደህና ነሽ። «እንጃ» ካልሽ ለአንድ ሳምንት ስልኩን ማታ ማታ ለባለቤትሽ አስረክቢና ምን እንደሚሰማሽ እዪው። መልመጃ ነው፣ ቅጣት አይደለም።

ለቀረፃውም የማውቀውን ልንገርሽ። ሁለት ምንጣፍ ብቻ የተሸጠው ሰው ስላልወደደው ላይሆን ይችላል። ቪዲዮው ላይ ዋጋ አለ? ስልክ ቁጥር አለ? ደብረ ብርሃን የት ጋ እንደምትገኚ ተናግረሻል? ብዙ ሰው ሚዲያ ላይ ቀርቦ እንባውን ይነግራል፣ አድራሻውን ይረሳል። ሁለት ሰዓት ቢቀርፁሽ የሚተላለፈው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ምኑ እንደሚቆረጥ ደግሞ አንቺ አታውቂም። ስለዚህ እንዳይቀር የምትፈልጊውን በመጀመሪያው መልስሽ ላይ አስገቢው። «ይህን ሙያ ያስተማሩኝ አማቴ ናቸው፤ የምሸምነው በባለቤቴ አባት ዕቃ ነው፤ ህልሜ አሥር ሴቶች መቅጠር ነው» ማለት ግማሽ ደቂቃም አይፈጅም። ጋዜጠኛው «ስንት ተሰቃየሽ?» ብሎ ወደ እንባው ሊመልስሽ ይሞክር ይሆናል። አንቺ ምንጣፉን አሳዪው።

ባለቤትሽ ከተስማማ አማትሽን ከመንዝ አስመጫቸው፤ እንዝርታቸውን ይዘው አጠገብሽ ይቀመጡ። ግን ሁለት ሦስት ቀን ቀድመሽ ንገሪያቸው። ነጠላቸውን ሳያጥቡ ካሜራ ፊት አይቀመጡልሽም፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ነጠላ ቶሎ አይደርቅም።